ደሴት አይቶ የመጣ ሰው

አገር አይቶ የመጣ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ቢኖርም የታደለ ሰፈር ነው። የጎንደሯ ወንዝ ዳር ሰፈራችን ቀሐ ግን አልታደለችም፤ በጣሊያን ዘመን በአንድ ጊዜ ሁለት መከራ ወረደባት። አንደኛው ጣሊያን ራሱ ነው። ሁለተኛው የወለላ ባል፣ ክቡር አያ ቢያዝን፣ የሰፈሩ ሰው «የደሴቱ እንደራሴ» የሚለው ነው።

አያ ቢያዝን የነጋዴ በቅሎ እየነዳ ምጽዋ ወርዶ፣ እዚያ አንድ የዕንቁ ነጋዴ ቀጥሮት፣ ሁለት ዓመት ደሴት ላይ ከርሞ ተመለሰ። ከተመለሰ ወዲህ ወሬው ሁሉ ደሴት ሆነ። ወለላ በጥር ብርድ ጋቢ ብትደርብለት፣ «ደሴቱ ላይ ጋቢ የሚሉት ነገር አይታወቅም!» ሽሮ ብታቀርብለት፣ «እዚያ እኮ ዓሣው ራሱ ዘሎ ጀልባ ላይ ይወጣል!» ባሕሩ ለብ ያለ ነው፤ ኤሊው ወይፈን ያህላል፤ ሲመሽ ውሃውን በእጅህ ብትነካው ያበራል። መሪጌታ ወልደኢየሱስ «ለመሆኑ ጾም ይያዛል?» ብለው ቢያፋጥጡት፣ «አባቴ፣ ሥጋ በሌለበት አገር ጾሙ ነው ሰውን የሚይዘው» አላቸው።

«ጣሊያን ጅል ነው» ይላል ደግሞ። «ያን የመሰለ ደሴት በእጁ እያለ፣ ወገራ ብርድ ውስጥ ምን ሊያገኝ መጣ?» ይቺን ሲል ሰዉ ግራ ቀኙን አይቶ ይስቃል። ለዚያች ሰዓት እንኳ ደሴቱን እንወድለታለን።

ወለላ ግን አትስቅም። ይሄ ሰው ልቡን እዚያ ጥሎ መጥቷል፣ አንድ ቀን እግሩም ይከተለዋል ብላ ትፈራለች።

የፈራችው በከተራ ዕለት በማኪና መጣ። ኢድሪስ የሚባል የደሴቱ ተወላጅ ሾፌር ጨው ጭኖ ጎንደር ገባና እያጠያየቀ ቤታቸው ደረሰ። ያ የዕንቁ ነጋዴ «ቢያዝንን ይዘህልኝ ና» ብሎታል። አያ ቢያዝን እንግዳውን እያገላበጠ ሳመው።  ወለላ ደግሞ ኩራት አለባትና፣ ለመንገድ የሚሆን ድርቆሽ እንጀራ በስልቻ ሞልታ ባሏ ፊት ዱብ አደረገችው።

«በል ሂድ! ያ ሸጋ አገር ይሻልሃል። እኔ እንደሆንኩ ብቻዬን መክረሙን ለምጀዋለሁ።»

ኢድሪስ ቀና ብሎ አያት። አማርኛውን ያስተማረው አያ ቢያዝን ራሱ ነው።

«ፍንጭቷ ወለላ አንቺ ነሽ?» አለና ሳቁ ገነፈለ። «እኛ አገር በዚህ ሰው ወሬ ያልሰለቸ የለም! ዓሣ ስንሰጠው፣ ‹ጎንደር ቢሆን ሽሮ ነበር።› ሲሞቀን፣ ‹ጎንደር ጋቢ ይደረባል።› በጥር ደግሞ አንድ ቀን ነጭ ይለብስና፣ ‹ዛሬ ወለላ ለጥምቀት ቀሐ ወርዳለች› እያለ ባሕር ዳር ብቻውን ይጨፍራል። እልል የምትልለት ብትጠፋ እልልታውንም ራሱ ያቀልጠዋል! እኛ አበደ አልን። ልጆቻችን ግን እየወጡ ያጨበጭቡለት ጀመር። እሱ ከሄደ ወዲህ እንኳ ጥር ሲመጣ ‹ወለላ! ወለላ!› እያሉ ይጨፍራሉ።»

አያ ቢያዝን እንደ ሙሽራ አቀረቀረ።

«ምነው?» አለች ወለላ፣ እንባዋ እየቀደማት። «የኤሊውን ሁሉ ስትነግረኝ፣ ይሄን ምነው ዋጥከው?»

«አፍሬ ነዋ! ወንድ ልጅ ብቻውን እልል አለ ተብሎ ይወራል?»

«ታዲያ ትመጣለህ ወይስ አትመጣም?» አለ ኢድሪስ።

«ሄጄ ምን ላደርግ? እዚያ ሁሉም አይቶታል፤ ደሴቱን ለማን ላወራው ነው?» አለ አያ ቢያዝን። ወደ ወለላም ዞረ። «ደሞስ ጥምቀትን ዳግመኛ ብቻዬን አልጨፍርም፤ ይበቃኛል።»

በነጋታው ኢድሪስም ማኪናውን አቁሞ ለጥምቀቱ አብሯቸው ወረደ። ወለላ እልልታውን ስታቀልጠው የአያ ቢያዝን እስክስታ ሰዉን ሁሉ ሜዳ አስለቀቀው። ድርቆሹም ለሾፌሩ ስንቅ ሆነ።

እኛ ጎረቤቶቹ እፎይ ልንል ነበር። ግን በሳምንቱ ሴቶቹ ወንዝ ዳር ልብስ ሲያጥቡ፣ ጎረቤቷ አበቡ «ኧረ ይሄ ውሃ ምነው እንዲህ ይቀዘቅዛል!» ብትል፣ ወለላ ወገቧን ይዛ ቀና አለች።

«ውሃስ ያለው ደሴቱ ላይ ነው፣ ለብ ያለ» አለች። «እኔ እኮ እዚያ የታወቅሁ ሰው ነኝ።»