የእትዬ መሪያም ሰባት ቁጥር ትሪ

ባዶ ዕቃ እንዲጣል የማትፈቅድ አንዲት ሴት በየሰፈሩ አለች። የሌለችበት ሰፈር ካለ ቤቶቹ ተሠሩ እንጂ ሰፈሩ ገና አልተመሠረተም ማለት ነው። በእኛ በሸዋ ሮቢት ሰፈር ይህን ከፍተኛ ኃላፊነት የያዙት ክብርት እትዬ መሪያም ናቸው። ማንም አልሾማቸውም፤ ስለዚህ ማንም ሊሽራቸው አይችልም።

የቲማቲም ድልህ ጣሳ፣ የተሰበረ የመስኮት ፍሬም ወይም ክዳኑ የጠፋ የብስኩት ቆርቆሮ ይዛችሁ ወደ ቆሻሻው ስትሄዱ ካዩ፣ ከአጥራቸው ማዶ አንድ ድምፅ ይሰማል።

«ቆይ፣ እሱ ሥራ አለው።»

ሥራው ምን መሰላችሁ? ጌጥ ማኖር። እትዬ መሪያም ወርቅ የላቸውም፤ ያላቸው አርቴፊሻል ነው፤ ብዛቱ ግን ለአንድ ቀበሌ ይበቃል። ሠርግ በተጠራ ቁጥር የሰፈሩ ሴቶች ጉትቻና ሀብል ይዋዋሳሉ። ከሠርጉ በኋላ የማን ጉትቻ የማን እንደሆነ የሚለዩት እሳቸው ብቻ ስለሆኑ፣ ቀስ በቀስ ሁሉም ጌጡን እዚያው ተወው። ባለቤቴ ሙሉም ጭምር።

ቤታቸው ስትገቡ ያ የመስኮት ፍሬም ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አሮጌ አጎበር ተወጥሮበታል፤ በአጎበሩ ዓይኖች ውስጥ ረጃጅም ጉትቻዎች ተሰክተው ይንጠለጠላሉ። አምባሮች በባዶ የለስላሳ ጠርሙስ አንገት ላይ ተደርድረዋል። ቀጭን ሀብል እንዳይተበተብ በስትሮ ውስጥ አልፎ ይቆለፋል። ትንንሽ ጉትቻዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው በአሮጌ የሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳዎች ይያያዛሉ፤ አንዱ ያለ አንዱ የትም አይሄድም። ለዚህ ሁሉ አንዲት ሳንቲም አልወጣችም።

እኔ በልጅነቴ በተማርኩበት የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ደብተሯን፣ እርሳሷንና ጫማዋን በየቦታቸው የምታኖር ልጅ ተስላ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው በሥዕል እንጂ በሥጋ አይገኝም ብዬ አምሳ ዓመት ኖርኩ። ከዚያ የእትዬ መሪያምን የእንቁላል ትሪዎች አየሁ። አምስት ረድፍ፣ በየረድፉ ስድስት ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ ጥጥና ጌጥ። በየትሪው ጎን በቀይ የጥፍር ቀለም ቁጥር ተጽፏል።

በሮቢት ሙቀት ላብ የነካው አርቴፊሻል በሳምንቱ ይጠቁራል፤ በሁለተኛው ሳምንት ጆሮ ላይ አረንጓዴ ማኅተም ይመታል። ከመምህርነት ጡረታ በወጣሁ ሰሞን የቀረችኝን አንድ ካርቶን ጠመኔ ልጥል ስወጣ ያ ድምፅ ተሰማ።

«ቆይ ጋሽ መስፍን፣ እሱ ሥራ አለው።»

«እትዬ መሪያም፣ ጥቁር ሰሌዳ የለዎትም፤ ምን ያደርግልዎታል?»

«እርጥበት ይጠጣል። በየትሪው አንድ አስቀምጣለሁ። ዘበኛ ነው።»

ሠላሳ አራት ዓመት ፊደል ያስቆጠረ ጠመኔ የጉትቻ ዘበኛ ሆነ ብለን ማታ ከሙሉ ጋር ሳቅን። አሁን የምነግራችሁ ያ ሳቅ እንዴት እንደተመለሰብኝ ነው።

የእትዬ መሪያም የእህት ልጅ ኑርሃን ልታገባ ሁለት ቀን ቀራት። ኑርሃን መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ የሙሽራ ጌጧን በራሷ ደመወዝ አንድ አንድ እያለች ነው የገዛችው። ጌጡ ከሚዜዎቿ ጉትቻ ጋር በሰባት ቁጥር ትሪ ሰፈረ፤ ሌላ ትሪ ከላይ ተደፍቶበት በክር ታሰረ። የእሳቸው ቤት በእንግዳ ስለተጨናነቀ፣ እትዬ መሪያም ትሪውን «ደህና ቦታ» ብለው በእኛ መስኮት ሥር አኖሩት።

ዓርብ ጠዋት እንቁላል ነጋዴው ዘላለም መጣ። እንቁላል ከደብረ ሲና ያወርዳል፤ ሲወጣ ባዶ ትሪ ይሰበስባል። የእኛ ባዶ ትሪዎች ማዕድ ቤት ነበሩ። እኔ ግን እነሱ መስለውኝ በመስኮቱ ሥር ያሉትን አንስቼ ሰጠሁት። አንዳች ነገር አልተንኮሻኮሸም፤ እትዬ መሪያም ጥጡን አጥብቀው ጠቅጥቀውት ነበርና።

ረፋድ ላይ ከኑርሃን ጋር መጡ።

«ጋሽ መስፍን፣ ትሪዬስ?»

ነገርኳቸው። ኑርሃን የሻሿን ጫፍ ነከሰች። እትዬ መሪያም ግን አልጮሁም። «ደውሉለት» አሉ።

«ዘላለም፣ የት ደረስክ?»

«ደብረ ሲና ነኝ ጋሼ፤ አስረክቤ ሻይ ላይ ነኝ።»

ስልኩን ከእጄ ወሰዱት። «ዘላለም፣ ሻይህን ተው። ስንት ትሪ አስረከብክ?»

«ሁለት መቶ ይሆናል እትዬ።»

«ከመሀሉ በቀይ የጥፍር ቀለም ሰባት ቁጥር ያለበትን ፈልግ።»

ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቅን። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ረጅም የትምህርት ክፍለ ጊዜ አላየሁም። ከዚያ ዘላለም ደወለ፤ ትሪው ተገኝቷል፣ ግን የእንቁላል መጋዘኑ ሴትዮ ክሩን ፈትታ ከፍታዋለች፤ ምንም አልነካሁም ትላለች።

«እሱን እናያለን» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አንደኛ ረድፍ፣ ከግራ አንደኛ፤ ሉል ያለው ጉትቻ?»

«አለ።»

«ሁለተኛ፤ የግንባር ጌጥ?»

«አለ እትዬ።»

እንግዲህ ዘላለም ተማሪዬ ነበር። ስም በጠራሁ ቁጥር ከክፍል የሚጠፋው እሱ ነበር። አሁን ጉድጓድ በጉድጓድ ስም ሲጠራበት «አለ» እያለ ሲመልስ ስሰማ፣ አስተዳደጉ ላይ ተስፋ የቆረጥኩት ያለ ጊዜው እንደነበር ገባኝ።

«አምስተኛ ረድፍ፣ አምስተኛ?»

«ባዶ ነው እትዬ።»

የኑርሃን የጣት ቀለበት ነበር። ልጅቷ መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ እኔም አጠገቧ የምቀመጥበት ቦታ ፈለግሁ።

«ጥጡን አንሳው» አሉ እትዬ መሪያም፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«...አለ። ከሥሩ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ። ስድስተኛ?»

«ጠመኔ ነው ያለው።»

«እሱም ይቆጠር። ሠላሳ። ዘበኛውም አለ።»

አሥር ሰዓት ላይ ዘላለም ትሪውን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አቅፎ ከአይሱዙው ወረደ። ሴቶቹ በእልልታ ተቀበሉት። በሠርጉ ቀን ኑርሃን ተሞሽራ ስትወጣ እንኳ እልልታው ከዚያ አልበለጠም። ከጀውሃ የመጡት የሙሽራው ሚዜዎች «ወርቅ ነው?» እያሉ እስኪጠያየቁ ድረስ ጌጡ አበራ፤ በዚያ ሁሉ ጭፈራና ላብ የአንዲትም ሴት ጆሮ አረንጓዴ አልሆነም።

ሰኞ አስጠሩኝ። ለግሣጼ ተዘጋጅቼ ሄድኩ። ከሠርጉ የተመለሰው ጌጥ ምንጣፉ ላይ ተዘርግቷል፤ እሳቸው እያንዳንዱን በደረቅ ጨርቅ ይጠርጋሉ።

«ይቀመጡ። እኔ ስጠርግ አንቱ ስም ይጥሩ። የሰፈሩ ጌጥ ቆጠራ በእኔ ራስ ብቻ መኖር የለበትም።»

«እትዬ መሪያም፣ እኔ እኮ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ትሪዎንም የጣልኩት እኔ ነኝ።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ፤ የብስኩት ቆርቆሮ እንደሚያዩት።

«ቆይ» አሉ። «አንቱም ሥራ አለዎት።»

ጡረታ ከወጣሁ አራት ዓመቴ ነው፤ ይህን ያለኝ ሰው አልነበረም። በማግስቱ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ሄጄ አንድ ካርቶን ጠመኔ ገዛሁ። ባለሱቁ በመገረም አየኝ።

«ጋሼ፣ ማስተማር ጀመሩ እንዴ?»

«የለም» አልኩት። «ዘበኛ ልቀጥር ነው።»