ሐርጌሳን ከሩቅ ያጠናው ወዳጄ

እናንተዬ፣ አገርን ሳያዩ እንደማጥናት ያለ ምቹ ሥራ የት ይገኛል? አቧራ የለው፣ ፀሐይ የለው! ወዳጄ ዘላለም አዲስ አበባ ተቀምጦ ሶማሌላንድን ሦስት ዓመት ሙሉ አጠናት፤ ወቅታዊ ጉዳይዋን፣ ባህሏን፣ የውጭ ግንኙነቷን። ባለፈው ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሐርጌሳ መጣና ኮድቡር ሰፈር እኔ ቤት አረፈ።

ረቡዕ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ከውጭ እያለከለከ ገባ።

«ሱቁ ሁሉ በአንዴ ተዘጋ! አንድ ነገር አለ።»

«ምሳ በልተው ሊተኙ ነዋ!» አልኩት። «እስከ አሥር ሰዓት ከተማው በየቀኑ እንዲሁ ነው።»

በአዘኔታ አየኝ። «አንተ እዚህ ስለምትኖር አይታይህም።»

ታዲያ ምን ይባላል? እኔ ጋደም አልኩ፤ እሱ «አሳሳቢ አዝማሚያ» የሚል ሪፖርት ጽፎ ለአለቆቹ ላከ።

አሥር ሰዓት ላይ ጎረቤታችን ሆዳን እያዛጋች ሱቋን ከፈተች። ጅጅጋ ስላደገች አማርኛ አሳምራ ትናገራለች። አጥኚያችን ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ ቀረበና ለወሬ መክፈቻ እንዲሆነው ወተት አዘዘ። ሆዳን አንገቱ ላይ ያሰረውን ማተብ አየት አደረገች።

«ወንድሜ፣ ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው። አትጾምም እንዴ?»

ለካ በሪፖርቱ ጥድፊያ ጾሙን ጭራሽ ረስቶታል! ፊቱ ቀላ።

«አንቺ ደግሞ ይህን ከየት አጠናሽው?»

«ምን ጥናት አለው?» አለች ወተቱን ወደ ፍሪጅ እየመለሰች። «ሐበሻ ጎረቤቶቼ ረቡዕና ዓርብ ወተት አይገዙኝም ነበር። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸዋ!»