ሊቀ ሽቦ ኦቦ ሞረዳ

«ለጊዜው ነው» የሚል ሰው የሌለበት ከተማ የለም። የእኛ ከተማ ውስጥ የለም ካላችሁ፣ ሰውየው እናንተ ናችሁ። ቧንቧ ሲያፈስ በላስቲክ ጠፍሮ «ለጊዜው ነው» ይላል። አጥሩ ሲያዘም በእንጨት ደግፎ «ለጊዜው ነው» ይላል። ልጁ አድጎ፣ አግብቶ፣ ወልዶ ሲመለስ አጥሩን የሚያገኘው እዚያው እንጨት ላይ ተደግፎ ነው። እኔ ይህን ዓይነት ሰው አልወድም። አገር የሚገድለው እሱ ነው እያልኩ በየሄድኩበት ስጮህ ኖሬያለሁ።

የዚህ የ«ለጊዜው ነው» ባዮች ማኅበር የበላይ ጠባቂ ክቡር ሊቀ ሽቦ ኦቦ ሞረዳ፣ የሲሬ ጡረተኛ የሒሳብ መምህር ናቸው። ከእኔ በዕድሜ የምትበልጠውን ነጭ ቮልሳቸውን በሰኔ በደላላ ገዛኋት። ቁልፉን ሲሰጡኝ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አታስሩጣት።» ለመኪናዋ የሳሱ መሰለኝ። ለካ ማስጠንቀቂያ ኖሯል!

ነቀምቴ አምጥቼ ከመካኒኩ ከጋሩማ ጋር ገለጥናት። እኔ ሙያውን የተማርኩት ሽፋኑ ከተገነጠለ መጽሐፍ ነው፤ ጋሩማ ደግሞ ከገዛ እጁ። የነጂው በር በሽቦ ታስሯል። ከእግሬ ሥር ያለውን ወለል ዝገት ስለበላው የዘይት ቆርቆሮ ተነጥፎበታል፤ ፍሪሲዮን በረገጥኩ ቁጥር «ንጹሕ የምግብ ዘይት» የሚለውን አነባለሁ። በፊውዝ ፋንታ የማስቲካ ወረቀት ተጠቅልሎ ገብቷል። የነዳጁን መርገጫ የሚመልሰው ሞላ የአልጋ ነው።

«ሰውየው ይህችን መኪና አልነዷትም» አለ ጋሩማ፤ «ሲለምኗት ነው የኖሩት።»

ሳቃችን ከነቀምቴ ወደ ኡኬ በሚወስደው መንገድ ላይ አበቃ። ልሞክራት ብዬ ወጥቼ፣ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ እስከ ወለሉ ሰመጠ። ጀሪካን ያዘለች ሴት ዘልላ አመለጠች፤ እኔ ቦይ ውስጥ ገብቼ ቆምኩ። ስንፈታው፣ ወደ ኋላው ግራ ጎማ የሚሄደው የፍሬን ቱቦ ታጥፎ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ተደፍኗል። እጥፋቱ ተሰንጥቆ ዘይቱ አልቋል።

የሰው ነፍስ ለጊዜው የሚባል ነገር የለውም። ነገ ሲሬ ሄጄ በጎረቤታቸው ፊት ነው የምጠይቃቸው አልኩ።

ማታውን ጋሩማ መኪናዋን ሲያጥብ ጠራኝ። «የቀኙን በር እስቲ ዝጋው።»

ዘጋሁት። ድምፅ ሳያሰማ ገጠመ። ማጠፊያው አዲስ፣ የመስኮቱ ጎማ አዲስ። የወንበሩ ስፖንጅ ሁለት እጥፍ፣ ልብሱ በእጅ የተሰፋ። ከሥር መንገጫገጭ የሚውጡት ሾክ አብዞርበሮች እንኳ በግራ በኩል የሞቱ፣ በቀኝ በኩል ገና ቀለማቸው ያልለቀቀ ናቸው። ግራዋ ቆርቆሮ፣ ቀኟ መኪና።

«ሚስታቸው ሚኒስትር ነበሩ እንዴ?» አለ ጋሩማ።

በማግስቱ ክቡርነታቸውን ያገኘኋቸው በረንዳቸው ላይ የተሰበረ ጃንጥላ በሽቦ ሲያስሩ ነው።

«አካም ጅርታ፣ ኦቦሌሳ! እንዴት ነህ ወንድሜ፣ ና፣ ግባ።»

«አልገባም! ፍሬኑን አጥፈው ሸጡልኝ! ሰው ልገድል ነበር እኮ!»

ጎረቤት በአጥሩ ላይ ብቅ አለ።

«ለጊዜው ነበር» አሉ።

«እስከ መቼ?»

«አዳነች እስክትድን።»

ባለቤታቸው አዴ አዳነች አከርካሪያቸውን ታመው፣ አራት ዓመት በየሳምንቱ ነቀምቴ ሆስፒታል ተመላልሰዋል። ትንሽ ጉድጓድ ታስጮኻቸው ነበር። ስለዚህ የተገኘ ደህና ዕቃ ሁሉ ወደ እሳቸው በኩል ሄደ። «የእኔ በኩል ይቆይ፣ እሷ ስትድን አሠራዋለሁ አልኩ» አሉ ኦቦ ሞረዳ። በሚያዝያ ቀበሯቸው።

«ፍሬኑስ?» አልኩ። ነገር መተው አልችልም፤ በሽታዬ ነው።

ሽቦውን አስቀመጡት። «ቱቦው የተበሳው ቀጠሮዋ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። አጥፌ ዘጋሁት፤ በሃያ እየነዳሁ አደረስኳት። ከዚያ ወዲያ ቀጠሮ አልነበራትም። ለአንተ መንገር ነበረብኝ። ብነግርህ ትተሃት ትሄዳለህ ብዬ ፈራሁ። ጠዋት ጠዋት የእሷን በር ከፍቼ እየቆምኩ እጠብቅ ነበር፣ ኦቦሌሳ። መኪናዋ ከዚህ ግቢ መውጣት ነበረባት።»

ጎረቤቱ ከአጥሩ ወረደ።

ይቅር አላልኳቸውም። ይቅር ማለት የጀሪካኗ ሴት ድርሻ ነው። እሳቸውም አልጠየቁኝም። የጠየቁኝ «በሯ አሁንም ይዘጋል?» ብለው ነው።

«ይዘጋል።»

ፍሬኑን ከነቱቦው አዲስ አደረግነው። በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ላሳያቸው ሲሬ ወሰድኳትና የቀኙን በር ከፈትኩላቸው። ቆመው አዩት። ቀስ አድርገው ዘጉት። ዞረው በእኔ በኩል መጡ፤ እስካሁን ያልሠራሁትን የእኔን በር ሽቦ ሳያዩ በአንድ እጅ ፈቱት፤ ወንበሬን ወደ ፊት አጥፈው ከኋላ ገቡ።

ከከተማው ስንወጣ አህያ ገባብኝ። ፍሬን ያዝኩ፤ አራቱም ጎማ ያዘ። ከኋላዬ አንድ የሽማግሌ እጅ ተወርውሮ ባዶው ወንበር ፊት ተዘረጋ፣ የተቀመጠ ሰው ወደ ፊት እንዳይወድቅ።

አህያው አለፈ። ከኋላችን አንድ አይሱዙ ጥሩንባውን ይነፋብኝ ጀመር። ትዕግሥት የሌለኝ ሰው ነኝ፤ እጁ እስኪመለስ ጠበቅሁ።