የሊቁ ጰንጠሌዎን ንጹሕ መዝገበ ቃላት

የግሪክን ቋንቋ ከገበያተኛ አፍ የታደጉት የቁስጥንጥንያው ታላቅ ሊቅ ጰንጠሌዎን፣ ከሃያ ሁለት ዓመት ድካም በኋላ መዝገበ ቃላታቸውን አጠናቀቁ። መዝገቡ ከሞቱ ሺህ ዓመት ያለፋቸውን ሰዎች ቃል ብቻ የያዘ ነበር፤ በሕይወት ያለ ሰው የሚናገረው ሁሉ በጥንቃቄ ተለቅሞ ወጥቷል። ወዲያው ማንኛውም አቤቱታ ከመዝገቡ ውጭ በሆነ ቃል እንዳይጻፍ ታወጀ። ሕዝቡም ያልገባውን አዋጅ በእልልታ ተቀበለ።

አቤቱታ ጸሐፊው ባርዳስ አዋጁን ከልቡ ያከብር ነበር። አንድ ቀን ካሌ የምትባል ልብስ አጣቢ መጥታ፣ ልጇ ሎንጊኖስ ከዳቦ ቤት ሁለት ዳቦ ሰርቆ መታሰሩን ነገረችውና ምሕረት እንዲለምንላት ጠየቀችው። ባርዳስ መዝገቡን ገለጠ። ለ«ሰረቀ» የተፈቀደው ቃል «ማረከ» ነበር፤ ለ«ዳቦ ቤት» ደግሞ «የስንዴ ምሽግ»። እንደተፈቀደው ጻፈ።

ዳኛው ጽሑፉን ሦስት ጊዜ አነበቡት። አልገባኝም ማለት ለሹመታቸው ስለማይመጥን፣ ብቻውን ምሽግ የሰበረ ጀግና እስር ቤት መማቀቁ ለመንግሥት ነውር ነው ሲሉ ፈረዱ። ሎንጊኖስ በዚያው ሳምንት የሻለቅነት ማዕረግ ተሰጥቶት ወደ ምሥራቅ ጠረፍ ተላከ። ሊቁም ቋንቋ ሲነጻ ዜጋው ሁሉ ከፍ ከፍ እንደሚል በመጥቀስ ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ።

ካሌ ዐይኗ አብጦ ተመልሳ መጣች።

«ልጄ፣ ምን ብለህ ነው የጻፍክልኝ?»

«የነገሩኝን ነው፣ እማማ። በንጹሕ ቃል።»

«ሎንጊኖስ እኮ ዶሮ ሲታረድ እንኳ ፊቱን ያዞራል። ጦር ሜዳ ምን ሊሠራ ነው? በል፣ ሌባ ነው ብለህ ጻፍልኝ። እስር ቤት ቢሆን እሁድ እሁድ አየው ነበር።»

ባርዳስ እጁን ወደ መዝገቡ ሰደደ፤ ፊቷን ሲያይ ግን ተወው። ልክ እሷ እንደተናገረችው፣ ቃል በቃል ጻፈላት።

ዳኛው ባንድ ትንፋሽ አነበቡት። አዋጁ ከወጣ ወዲህ የገባቸው የመጀመሪያው አቤቱታ ይህ ስለነበር፣ ሆዳቸው ባብቶ ሎንጊኖስ ከመንገድ ተመልሶ ለእናቱ እንዲሰጥ አዘዙ።

ባርዳስ ግን ቋንቋ በማርከስ ወንጀል ተከሰሰ። የመያዣ ትእዛዙን የጻፉት ሊቁ ጰንጠሌዎን ራሳቸው ናቸው። ወታደሮቹ ተሳስተው ሌላ ሰው እንዳይዙም፣ ከላይ እስከ ታች በገበያተኛ ቋንቋ ጻፉት።