ሳሎኑን ነፃ ያወጣው ትግላችን

ታላላቅ ሰዎች ሥልጣን የሚለቁት አንድም በቅቷቸው፣ አንድም ተነቅለው ነው ይባላል። የእኛ ሊቀመንበር ግን ጨርሶ ያልያዙትን ሥልጣን በመልቀቃቸው ከሁሉም ይበልጣሉ። የፓርቲያችንን የሰፈር ቅርንጫፍ እጅግ ለረጅም ዘመን መርተዋል። አባላቱ አንድ ሶፋና ሁለት ወንበር የሚበቃን ብንሆንም፣ እሳቸው ሲናገሩ ሁልጊዜ «የተከበራችሁ ሕዝቦች» ብለው ነበር የሚጀምሩት።

ዘንድሮ ፓርቲው የእጩዎቹን ስም ሲያሳውቅ ሊቀመንበራችን የተጠባባቂው ተጠባባቂ ሆነው ተገኙ። በማግስቱ ጠዋት ፖለቲካ ከሥሩ የበሰበሰ ነገር መሆኑ ተገለጠላቸው። ክፉ ሰዎች እነዚህን ሁለት ነገሮች ያገናኛሉ። እኔ አላገናኝም፤ በመካከላቸው አንድ ሙሉ ሌሊት አለ።

«ከእንግዲህ» አሉ በሳሎናቸው መሐል ቆመው፣ «ፓርቲ የለም፣ ምርጫ የለም፣ ወንበር የለም። ሰው የራሱ ጌታ ነው። ከመንግሥት ውጭ ሆነን፣ ያለ መንግሥት፣ መንግሥት ሳያውቀው ለነፃነት እንታገላለን። ማንም ማንንም አያዝዝም። ገባችሁ?»

«ገብቶናል» አልን በአንድ ድምፅ።

«እንግዲያው ተቀመጡ።»

ተቀመጥን። ሦስት ነበርን፦ ፀጉር አስተካካዩ፣ ጡረታ የወጣው የጉምሩክ ፈታሽ፣ እና የቅርንጫፉ ጸሐፊ የነበርኩት እኔ።

በዚህ ዜና ከሁላችንም በላይ የተደሰቱት የሊቀመንበሩ ባለቤት ናቸው። እትዬ ልብስ ሰፊ ናቸው። ቤቱን ከአባታቸው ነው የወረሱት፤ ሳሎኑ ሰፊ፣ መስኮቱ ትልቅ፣ ብርሃኑ እንደ ልብ ነው። ዳሩ ግን ፓርቲው ገና በሙሽርነታቸው ጊዜ ሳሎኑን ስለያዘው፣ የስፌት መኪናቸው ኮሪደሩ ላይ፣ በማድቤቱና በሽንት ቤቱ መካከል፣ በአንዲት ደካማ አምፖል ሥር ተቀምጣ ኖራለች። ቤቱ የሚበላው ከዚያ ኮሪደር ነው። ሊቀመንበሩ ለሕዝብ ስለሚኖሩ ለቤታቸው ጊዜ አልነበራቸውም።

በዚያው ሰሞን እትዬ በዕድሜያቸው ትልቁን ሥራ ተቀብለው ነበር፤ ጅራቱ እስከ ሌላ ክፍል የሚጎተት የሙሽራ ቬሎ። የሙሽራዋ አክስት የሙሽራ ልብስ ሱቅ አላት፤ ቬሎው ካማረ እትዬ ዕድሜ ልካቸውን ሥራ አያጡም። ከተበላሸ ግን ከጨርቁ ጋር ስማቸውም አብሮ ይቀደዳል። እንዲያ ያለ ጨርቅ ደግሞ ኮሪደር ላይ አይዘረጋም፤ ሳሎን ይፈልጋል።

«እውነት ተውከው?» አሉ ባላቸውን።

«ተውኩት።»

«ተመልሰህስ አትገባም?»

«ከእንግዲህ ፓርቲ የሚባል ነገር ይህን ቤት አይረግጥም።»

የእትዬ ዐይን እንባ አቀረረ። ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው ሳሎኑን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ለኩት። ወለል ላይ ተንበርክኮ እንደዚያ የተደሰተ ሰው አይቼ አላውቅም።

በማግስቱ «ማንም አይዘዘን» የተባለው ነፃ እንቅስቃሴያችን ሳሎኑን ያዘው።

«ፓርቲ አይገባም አላልክም?» አሉ እትዬ፣ የተጠቀለለውን ነጭ ጨርቅ እንዳቀፉ በር ላይ ቆመው።

«ይህ ፓርቲ አይደለም። የፓርቲ ተቃራኒ ነው።»

«ሰዎቹ ግን እነዚያው ናቸው።»

«አቀማመጣቸው ተለውጧል።»

እውነት ነው፤ ፀጉር አስተካካዩ ከወንበሩ ወደ ሶፋው ተዛውሮ ነበር።

የመጀመሪያው ስብሰባችን ታሪካዊ ነበር ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም ሊጀመር አልቻለም። «ስብሰባው ተከፍቷል» ማለት ትእዛዝ ነው። ማንም ማንንም ስለማያዝዝ ተፋጠን ቆየን። በመጨረሻ ፀጉር አስተካካዩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይህ ሥልጣን ለመያዝ የሚደረግ ሙከራ ነው» አለ የጉምሩኩ ጡረተኛ።

«ጉሮሮዬን ነው የጠረግኩት።»

«ሁሉም ሲጀምሩ እንዲያ ነው የሚሉት።»

አገር በሽማግሌ፣ ቤት በምሰሶ እንዲሉ፣ ከዚህ ጣጣ ያወጡን ሊቀመንበሩ ናቸው። የሊቀመንበርነት ቦታ ተሽሮ በምትኩ «ምንም» የሚባል ኃላፊነት እንዲቋቋም ሐሳብ አቀረቡ። የምንም ሥራው አለማዘዝ ነው። አለማዘዙን ሁሉም እንዲያይለት በመሐለኛው ወንበር ይቀመጣል። ቦታው ክፍት መሆኑ እንደተነገረ ፀጉር አስተካካዩም ሊወዳደር ተነሣ።

«እኔም ምንም መሆን አያቅተኝም» አለ፤ «ደግሞ ልምድ አለኝ።»

ከብርቱ ክርክር በኋላ ሊቀመንበሩ በሙሉ ድምፅ ምንም ሆነው ተመረጡ። ተፎካካሪያቸውም ሳይቀር እጁን አወጣላቸው፤ ለምዶበት ነው። እሱንም እንዳይከፋው ምክትል ምንም አደረግነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሊቀመንበሩን «ክቡር ምንም» ስንል እንጠራቸዋለን።

ክቡር ምንም የመጀመሪያውን ዘመቻ ራሳቸው አፈለቁት።

«መንግሥት ወደ ቤታችን የሚገባው በየት በኩል ነው?» ሲሉ ጠየቁን።

«በግብር?» አልኩ።

«ግብር ከፍለህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው በቆሻሻ በኩል ነው። በየሳምንቱ መኪና ልኮ በራችንን ያንኳኳል። ዛሬ የሙዝ ልጣጭህን የሰጠኸው መንግሥት ነገ ሙዙን ይጠይቅሃል።»

የዚህ ንግግር ጥልቀት እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልገባኝም፤ ግን ወዲያው ተቀበልኩት። የቆሻሻ መኪናው ሲመጣ የጉምሩኩ ጡረተኛ የቀድሞ ሙያው ተመልሶበት እጁን ዘርግቶ በር ላይ ተገተረ።

«ጋሼ፣ ቆሻሻውን አቀብሉን፤ ልንሄድ ነው» አለ ሾፌሩ።

«አንሰጥም።»

«ለምን?»

«ንብረታችን ነው።»

ሾፌሩ ሊስቅ ምንም አልቀረው። «ጋሼ፣ ልጣጭ እኮ ነው።»

«የማን ልጣጭ?»

«የናንተ።»

«አያችሁ» አለ ጡረተኛው ወደ እኛ ዞሮ፣ «በገዛ አፉ አመነ።»

መኪናው ሄደ። ድሉ ታላቅ ነበር፤ ታላቅ ነገር ግን ቦታ ይይዛል። ሳሎኑ በሐሳብ ስለተያዘ ድላችንን በየከረጢቱ አድርገን ኮሪደሩ ላይ፣ የስፌት መኪናዋ አጠገብ ደረደርነው። ምክትል ምንምም ለትግሉ ያለውን ታማኝነት ለማሳየት ከሱቁ የጠረገውን ፀጉር በጆንያ እየተሸከመ ያመጣ ጀመር።

እትዬ በአንድ እጃቸው ቬሎውን ከፍ አድርገው ይዘው፣ በሌላው ዝንብ ሲያባርሩ ዋሉ። ሙሽራዋ ልክ ልትሞክር መጣች። አፍንጫዋን ይዛ ለበሰችው። መስታወት ፊት ቆማ ከደረቷ ላይ ጥቁር የተጠቀለለ ፀጉር ነቅላ አየችው።

«ይሄ የማነው?»

«የምክትል ምንም ደንበኛ ነው» አልኳት፣ ላረጋጋት ብዬ።

አልተረጋጋችም። ሳምንት ስትመለስ ቤቱ እንዲህ ከሆነ ጨርቋን ይዛ ወደ ሌላ ሰፊ እንደምትሄድ ነግራቸው ወጣች። እትዬ ከከረጢቶቹ መካከል ቁጭ ብለው አለቀሱ። እኔ ራሴ መሐረቤን አወጣሁ፤ ሽታውም ቀላል አልነበረም። ክቡር ምንም ከሳሎን ሆነው አጽናኗቸው።

«አይዞሽ፣ ለነፃነት የሚከፈል መሥዋዕትነት ነው።»

«የማን ነፃነት?»

«የሁላችንም።»

«የማን መሥዋዕትነት?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚፈልግ ኮሚቴ አቋቋምን።

ቀጣዩ እርምጃችን አደባባይ መውጣት ስለነበር መፈክር አስፈለገን። መፈክር ደግሞ በቀለም ከሚጻፍ ይልቅ ፊደሉ ተቆርጦ ቢሰፋ ዝናብ አይደፍረውም። ክቡር ምንም ቀይ ጨርቅ ይዘው ወደ ኮሪደሩ ወጡና ባለቤታቸውን «በገዛ ፈቃድሽ እስከ ነገ ጨርሺው» አሏቸው። እትዬ ጨርቁን ተቀበሉ። መፈክሩ እንዲህ የሚል ነበር፦ «ንብረት ክቡር ነው። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በሰው ንብረት ላይ ማንም አይቆምም።»

አንባቢ የሆነ ሰው መፈክር በዐይኑ ገረፍ አድርጎ ያልፋል። እትዬ ግን እያንዳንዱን ፊደል በመቀስ ቆርጠው፣ በመርፌ ተከትለው ነው ያነበቡት። በማግስቱ ተጠቅልሎ ያለቀውን መፈክር ይዘው ስብሰባችን መሐል ገቡ።

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አሉ ባላቸውን። «ይሄ የጻፋችሁት ነገር እውነት ነው?»

«የማይነቃነቅ እውነት።»

«ለመንግሥት ብቻ ነው?»

«ለማንም። ሹም ይሁን፣ ጎረቤት ይሁን፣ የእናት ልጅም ይሁን።»

«ባልስ?»

ክቡር ምንም ፈገግ አሉ። በመርሕ ጉዳይ ዘመድ የማያውቁ ሰው ስለሆኑ፣ ደግሞም እኛ እያየናቸው ስለነበር፣ «ባልም ቢሆን» አሉ። አጨበጨብን።

«ጥሩ» አሉ እትዬ። «ቤቱ የአባቴ ነው፤ አሁን ደግሞ የኔ ነው። ፈቃዴን አንሥቻለሁ። ውጡልኝ።»

ጭብጨባችን ገና አላለቀም ነበር።

«ነገሩን... በሰፊው እንወያይበት» አሉ ክቡር ምንም።

«ድምፅ ይሰጥበት» አለ ምክትላቸው። «እኛ አራት ነን፣ እርስዎ አንድ ነዎት።»

«ይሄማ ምርጫ ሆነ» አሉ እትዬ፤ «ምርጫን ትታችሁት የለ እንዴ?»

«በግድ ልታስወጪን ነው?» አለ ጡረተኛው።

«እኔ ሰው አልነካም፤ ግን ቆሜ እጠብቃለሁ። መቼም እኔ ቤት ተቀምጣችሁ መፈክሩን አታነቡት።»

እዚህ ላይ የቆየ ልማዳችን ጉድ ሠራን። ፓርቲ ውስጥ ሳለን አንድ ጉዳይ ሲከብድብን የእኛ ወገን ወጣ ብሎ ለብቻው ይመክራል፤ ተመልሶ ገብቶ አቋሙን ያሳውቃል። ክቡር ምንም ቆጣ ብለው ተነሡና «ወጣ ብለን እንምከር» አሉ። ይህ ትእዛዝ ይሁን ምክር የጠየቀ አልነበረም። ሳሎኑን አለፍን፣ ግቢውን አለፍን፣ ጎረቤት እንዳይሰማን ብለን ከውጭው በር ወዲያ መንገዱ ላይ ቆምን። ምክክሩም ሳይጀመር ከጀርባችን መቀርቀሪያው ተወረወረ።

ወዲያው ከረጢቶቹ አንድ በአንድ በአጥሩ ላይ እየዘለሉ ይከተሉን ጀመር። እትዬ የሰው ነገር አያስቀሩም። መጨረሻ ላይ የፀጉሩ ጆንያ መጣ፤ በምክትል ምንም ራስ ላይ ተፈታ። ቀይ መፈክሩም በደንብ ታጥፎ ተከተለ።

«ክፈቺ» አሉ ክቡር ምንም በሩን እየደበደቡ። እግራቸው ላይ ያለው ነጠላ ጫማ ብቻ ነው፤ ዝናቡም ጠብ ጠብ ማለት ጀምሮ ነበር።

«ትእዛዝ ነው?» አሉ እትዬ ከውስጥ።

«ልመና ነው።»

«ሥራ ላይ ነኝ።»

ክቡር ምንም ወደ እኛ አዩ። እኛም በፍጹም ነፃነት መሬት መሬት እናይ ነበር። ያን ጊዜ ያ ከመንግሥት ጋር የተፋታ ታላቅ ሰው ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ ጭነው ሰፈሩን በሚያናውጥ ድምፅ «የመንግሥት ያለህ!» ብለው ጮኹ። የጎረቤት ያለህ ማለት ይችሉ ነበር። የዘመድ ያለህም ማለት ይችሉ ነበር። ሰው ሲጨንቀው ግን ከልቡ የሚወደውን ነው የሚጠራው።

ከመንገዱ ማዶ በዝናብ ልብስ የተጠቀለለ ፖሊስ እየሮጠ መጣ። ቆሻሻውን ዘሎ፣ «ይሄ የማነው?» አለ። የንብረቱ ባለቤቶች በሙሉ ወደ ሰማይ አየን።

«ምን ሆነው ነው የጮኹት አባቴ?»

«ከቤቴ ተባረርኩ።»

«ቤቱ የማነው?»

ክቡር ምንም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የባለቤቴ።»

ፖሊሱ በበሩ ስንጥቅ ከእትዬ ጋር ቀስ ብሎ ተነጋገረና ተመለሰ። «ለጊዜው ፈቃደኛ አይደሉም። ሥራቸውን ሲጨርሱ እርስዎን ብቻ ያስገቡዎታል፤ ሰዎቹን ግን አያስገቡም። ሳሎኑም ሥራ ላይ ነው ብለዋል።»

በትልቁ መስኮት በኩል ነጩ ጨርቅ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተዘርግቶ ይታይ ነበር። የስፌት መኪናዋ ድምፅ ከሳሎን ሲመጣ የሰማሁት ያን ቀን ነው። እትዬም እየሰፉ ያንጎራጉሩ ነበር።

«በሩን ስበርና አስገባኝ እንጂ!» አሉ ክቡር ምንም።

ፖሊሱ ግራ ገባው። «በሰው ቤት? ያለ ባለቤቱ ፈቃድ? በጉልበት ነው የሚሉኝ?»

«እና በምን ሊሆን ኖሯል?» አሉ ክቡር ምንም፣ የራሰውን መፈክር እንደ ጋቢ ተከናንበው። «መንግሥት አይደለህም እንዴ?»