የንያኩሮኗ ማንጎ

ሰው የሚናፍቀው የተወለደበትን አገር ብቻ ነው ያለው ማን ይሆን? እኔ ተወልጄ ባደግሁባት ሀዋሳ ቁጭ ብዬ፣ የሐይቁ ነፋስ ፊቴን እየዳበሰኝ፣ የምናፍቀው ጁባን ነው። ያውም ከነአቧራዋ። ለቤተሰቤ ብናገር ጸሎት ያስይዙልኛል ብዬ ዝም ብያለሁ፤ ለእናንተ ግን ልንገራችሁ።

ሰላሙ ተፈርሞ ነፃነቱ ገና ሳይታወጅ በነበሩት ዓመታት ካስተም በሚባለው የጁባ ገበያ ዳቦ ቤት ነበረኝ። ያኔ ጁባ የገባ ሁሉ ችኩል ነበር። የሚገነባው ይቸኩላል፣ የሚሸጠው ይቸኩላል፣ ለመክበር የመጣው ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። እኛ የማንቸኩለው እሑድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነበር፤ ንያኩሮን ሰፈር ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን ጓሮ ሳህን ስንወረውር።

ሳህን ስላችሁ የወጥ ሳህን እንዳይመስላችሁ። አብሮን ሲያመልክ የቆየ አንድ ከዋጃ፣ ጁባ ላይ ፈረንጅን እንዲህ ነው የሚሉት፣ ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶልን የሄደው የፕላስቲክ ዲስክ ነው። ጨዋታው ቀላል ነው፤ ዲስኩን በዛፎቹ መሀል እያሳለፉ በጥቂት ውርወራ ቅርጫት ውስጥ መክተት። ቅርጫቶቹን እኛው ከብስክሌት ቸርኬና ከአሮጌ ሰንሰለት አስበየድናቸው። ሜዳ የምንለው ጓሮ ግን ሜዳነት አልነበረውም። አጭር ነው፣ ጠባብ ነው፣ የኒም ዛፎችና አንዲት ማንጎ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው የቆሙበት ነው። ጉልበተኛ የወረወረው ዲስክ ግንድ መትቶ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል።

ከጉልበተኞቹ አንዱ ቾል ነበር። ቾል የጁባ ልጅ ነው፤ ጦርነቱ በሕፃንነቱ አሰድዶት አዲስ አበባ አደገ፤ አማርኛን ከእኔ አስበልጦ ይናገራል። ሰላም ሲሆን ተመለሰ። ሲመለስ አባቱም የሉም፣ ቤታቸውም የለም። ያገኘው አባቱ የተከሏትን ማንጎ ብቻ ነው፤ እሷም ጓሯችን መሀል ቆማለች። ይህን የነገረው ለእኔ ብቻ ነበር።

ከዝግተኞቹ ደግሞ አንደኛው የሕንፃ ኮሚቴያችን ሰብሳቢ ጋሽ ደሳለኝ ነበሩ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያለው ሰው እሳቸውን አይቶ ሳይሆን አይቀርም። ዲስኩን የሚለቁት የተኛ ሕፃን እንደሚያስቀምጥ ሰው ነበር።

አንድ እሑድ ጋሽ ደሳለኝ አዲስ አዳራሽ ሊሠራ መሆኑን፣ ማንጎዋም መሠረቱ ላይ ስለቆመች እንደምትቆረጥ አበሰሩን። የቾል ፊት ሲለዋወጥ አየሁ።

«ንገራቸው እንጂ» አልኩት በሹክሹክታ።

«ስለ ዛፍ ሰው ፊት አላለቅስም።»

ዝም አይነቅዝም እየተባለ ያደገን ሰው ምን ታደርጉታላችሁ? እሱ ግን ድምፁን ከፍ አደረገ። «ጋሽ ደሳለኝ፣ እንጫወትባት። እኔ ካሸነፍኩ ትቆማለች፤ እርስዎ ካሸነፉ ትቆረጣለች።»

«ማፊ ሙሽኪላ» አሉ ጋሽ ደሳለኝ እየሳቁ። ችግር የለም ማለታቸው ነው፤ ተሸንፈው አያውቁማ።

ያን ቀን ቾል ጉልበቱን ዋጥ አድርጎ ተጫወተ። እኩል ለእኩል እንደሆኑ ማንጎዋ አጠገብ ካለው መጨረሻው ቅርጫት ደረሱ። በሕጉ ከቅርጫቱ የራቀው ነው የሚቀድመው፤ እኛ ግን ሕጉን ሐበሻ አድርገነው ታላቅ ይቀድም ነበር።

«እርስዎ ይቅደሙ።»

«ዛሬስ አንተ ቅደም።»

«ኧረ አይሆንም።»

«በሞቴ።»

እኛ ጴንጤዎች አንምልም፤ «በሞቴ» ግን ከመሐላ አይቆጠርም። ቾል እሺ ብሎ ቀደመ። ሲዋጥ የዋለው ጉልበት መጨረሻ ላይ አመለጠውና ዲስኩ የአባቱን ማንጎ መትቶ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። ጋሽ ደሳለኝ ተከተሉ። እጃቸው ከዳቸው መሰለኝ፣ የእሳቸውም ጠመመ፤ ያችኑ ማንጎ መታና ነጥሮ፣ ሰንሰለቱን አንኳኩቶ፣ ቅርጫቱ ውስጥ ዘጭ አለ።

ማንም አላጨበጨበም። ቾል «ከላስ» አለ፤ በቃ፣ አለቀ። ሄዶ ግንዱን በመዳፉ ዳሰስ አደረገው። አንጀቴን በላው።

ጋሽ ደሳለኝ ግን ዲስካቸውን እንደያዙ ማንጎዋን ሽቅብ እያዩ ቀሩ።

«ምነው ጋሼ?» አልኳቸው።

«አሁን ይችን እንዴት አድርጌ ነው የማስቆርጣት? ውለታ ዋለችልኝ እኮ።»

ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም። መቼም ታውቁታላችሁ፣ የእኛ ሰው ብዙ ስድብ ይችላል፤ ውለታ ቢስ መባልን ግን አይችልም፣ ለዛፍም ቢሆን።

አዳራሹ ተሠራ። ግድግዳው ማንጎዋ ጋ ሲደርስ ጎበጥ ብሎ ያልፋታል፤ እንግዳ ሁሉ ግንበኛውን ያማል። ኒሞቹ ለማን ውለታ ውለው ይትረፉ? አንድ ሳይቀር ተቆረጡ። ዛፏ ተረፈች፣ ጨዋታችን አለቀ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ብዬ ልተርት እልና፣ ቾል ወንበሩን ጥላዋ ሥር አስጠግቶ ሲቀመጥ ሳየው እተወዋለሁ። አባቱ የተከሏት መሆኗን ጋሽ ደሳለኝ እኔ ከጁባ እስክወጣ ድረስ አያውቁም ነበር።

በማንጎ ወራት፣ ስብከቱ መሀል፣ የበሰለ ፍሬ የጣሪያው ቆርቆሮ ላይ ዷ ይላል። ጉባኤው ይደነግጣል። ጋሽ ደሳለኝ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «አሜን» ይላሉ፤ ቾል ቀና ብሎ ፈገግ ይላል።

የሀዋሳው አዳራሻችን ጣሪያ ጸጥ ያለ ነው። አንዳንድ እሑድ ስብከቱን ትቼ እሱን አዳምጣለሁ።