የሰር ዋሪን ረግረግ

የድንበር ሙግት የሌለበት ባለርስት ፈረሰኛ በእንግሊዝ አገር አይገኝም፤ ተገኘ ከተባለም ወይ ርስቱ የሱ አይደለም፣ ወይ ሰውየው ሞቷል። ክቡር ሰር ዋሪን ግን ርስቱም የራሳቸው ነው፣ እሳቸውም በሕይወት አሉ፤ ሙግቱማ ከሳቸውም ይልቅ ጤነኛ ነው።

ባላጋራቸው ከወንዙ ማዶ ያሉት ጎረቤታቸው ሰር ኦዶ ናቸው። የተጣሉበት መስክ ክረምት ከበጋ ውሃ የማይለየው፣ ከእንቁራሪት በቀር ማንም የማይመኘው ረግረግ ነው። "አያቴ ፈረሱን ያሰረው እዚህ ድረስ ነው!" ይላሉ ሰር ዋሪን። ለቄሱ ይላሉ፣ ለወፍጮ ቤቱ ሰው ይላሉ፤ ሰሚ ሲጠፋ ለውሻቸው ይላሉ። ችሎት በተሰየመ ቁጥር ሆዳቸው ላይ አልገጥም ያለውን የብረት ልብስ በጠፍር አስረው፣ ሎሌ ደግፏቸው፣ እንደሳቸው ባረጀ ፈረስ ላይ ይወጣሉ። ዳኞቹ ገና ከሩቅ ሲያዩዋቸው ራሳቸውን ያማቸዋል።

ቤታቸው ግን ጭር ብሏል። ባለቤታቸው አርፈዋል። ትልቁ ልጃቸው ከንጉሡ ጦር ጋር ባሕር ተሻግሮ እዚያው ቀረ፤ ታናሹ መነኮሰ። ሴቷ ልጃቸው ሃዊዝ ርቃ ተድራለች። በባዶው አዳራሽ፣ በረጅሙ ገበታ ጫፍ፣ የገብስ ዳቦና አይባቸውን ብቻቸውን ይበላሉ።

በቅዱስ ሚካኤል በዓል ማግስት ሃዊዝ ልትወስዳቸው መጣች። ምድጃ ዳር አልጋ አዘጋጅታላቸዋለች፤ የልጅ ልጆቻቸውም ይጠብቋቸዋል። የመጣችው ግን በክፉ ቀን ነበር። ሰር ኦዶ ታመው ተኝተው፣ "መስኩን ውሰደው፣ እኔ ደክሞኛል" ብለው ሰው ልከዋል።

"እንኳን ደስ አለዎ አባባ! አሸነፉ እኮ!" አለች ሃዊዝ።

ሰር ዋሪን ዳቦውን ገፋ አደረጉት። ፊታቸው መርዶ የሰማ ሰው ፊት ሆነ።

"በምን አባቱ ነው የሚደክመው? ፈረሴን ጫኑ!"

ሃዊዝ ተከተለቻቸው። ወንዙን ተሻግረው፣ ሳያንኳኩ፣ ከነጭቃቸው በሽተኛው አልጋ ድረስ ገቡ። እሷ በሩ ላይ ቀረች።

"ተነስ አንተ ሌባ! ርስት በምጽዋት አልቀበልም! ተነስና ተሟገት!"

"ተወኝ ዋሪን፣ በሰላም ልሙት" አሉ ሰር ኦዶ በሰለለ ድምፅ። "ልጅ የለኝ፣ ወራሽ የለኝ። ለማን ብዬ ልሟገት?"

ሰር ዋሪን በርጩማ ስበው አልጋው አጠገብ ተቀመጡ።

"እኔስ ለማን ብዬ መሰለህ?" አሉ ቀስ ብለው።

ሰር ኦዶ ጎረቤታቸውን ትኩር ብለው አዩና ከአልጋው ቀና አሉ።

"ለነገሩ አያትህ መቼ ፈረስ ነበረውና? በአህያ ነበር የሚዞረው።"

"አህያ? የኔ አያት?"

"ያውም አንካሳ አህያ!"

ቤቱ በጩኸት ተናወጠ። ሰር ኦዶ ትራስ ይደገፍልኝ አሉ፤ ቀጥሎም ሾርባ አምጡልኝ አሉ።

"ለኔም ይምጣ" አሉ ሰር ዋሪን። "ስሟገት ይርበኛል።"

ሃዊዝ ገባ አለች። "አባባ፣ ነገ እንነሳ?"

"ወዴት ልጄ? ሙግት ላይ መሆኔን አታዪም?" ዞር ብለው እንኳ አላዩአትም።

ልታግባባቸው አፏን ከፈተች፤ ተወችው። ግንባራቸውን ሳመች። ወጥታም ለሎሌዎቹ፣ "ከእንግዲህ ለሁለቱም በአንድ ገበታ አቅርቡላቸው" አለቻቸው።

ከዚያ ለብቻዋ ወደ ቤቷ ተመለሰች። የሽማግሌዎቹ ጩኸት እስከ ወንዙ ተከተላት። ያለቀሰችው ከወንዙ ወዲያ፣ ድምፃቸው ሳይሰማት ሲቀር ነው።